«ባለፈው ምንም አላደረገኝም»፦ ስለ ሐሳሲያ፣ ስለ ሾተላይና በሕዋሶቻችን ላይ ስላሉት እጆች

ሰው ቤት መሥራት ትቼ በዚህ መመሪያ ላይ በበጎ ፈቃደኝነት ማገልገል ከጀመርኩ ወዲህ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ባለፈው ምንም አላደረገኝም።» ሽሪምፕ ስትልጥ ፊቷ ያበጠባት ትለዋለች። በጎማ ጓንት እጇ የተቆጣባት ትለዋለች። መርፌ ተወግታ ትንፋሽ ያጠራት፣ የመጀመሪያ ልጇን በሰላም ወልዳ ሁለተኛው ሆዷ ውስጥ የሞተባትም ትለዋለች። ማዳሞችም ይሉታል፤ እነሱ ግን «ትናንት ደህና ነበርሽ፣ ዛሬ ሥራ ሲበዛ ነው የታመምሽው?» ብለው ነው።

ነገሩ ስንፍናም ማስመሰልም አይደለም። ሰውነታችን አንዳንድ ነገሮችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያገኝ ዝም ይላል። ዝም ያለው ግን ስለተወው አይደለም፣ እየተዘጋጀ ስለሆነ ነው። ዝግጅቱ የት ቦታ እንደሚቀመጥ ዛሬ አብረን እንይ። ትንሽ ሳይንስ አለበት፣ አትፍሪው። እኔም ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ፤ ገብቶኛል፣ ይገባሻል።

ሹካውና እጁ

ጀርም ወይም ሌላ እንግዳ ነገር ወደ ሰውነት ሲገባ አንቲቦዲ የሚባል ነገር ይሠራል፤ በአማርኛ ፀረ እንግዳ አካል የሚሉት ነው። ቅርጹን ለማሰብ ሁለት ጥርስ ብቻ ያለው ሹካ አስቢ። ጥርሶቹ የሚወጉት የተሠሩለትን ነገር ብቻ ነው። ለኩፍኝ የተሠራ ሹካ ኩፍኝን እንጂ ሌላውን አይወጋም። እጀታው ግን ጥቂት ዓይነት ብቻ ነው ያለው። ለዛሬ ሁለቱን እንያዝ፤ አይ-ጂ-ጂ እና አይ-ጂ-ኢ ይባላሉ። የሹካውን እጀታ ሐኪሞች «ኤፍ-ሲ» ይሉታል።

ሹካ ብቻውን ምን ያደርጋል? የሚይዘው እጅ ይፈልጋል። የመከላከያ ሕዋሶቻችን በላያቸው ላይ እጀታውን ለይተው የሚይዙ በጣም ጥቃቅን እጆች አሏቸው። ስማቸው የኤፍ-ሲ ተቀባዮች ወይም የኤፍ-ሲ ሪሴፕተሮች ነው። አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ሥራቸው ግን እንደ ወንድማማቾች ይለያያል። አንዱ ጀርም ያስበላል፣ አንዱ አለርጂ ያመጣል፣ አንዱ ከእናት ወደ ፅንስ ያሻግራል። ከመካከላቸው እንደ ፍሬን ሆኖ ሌሎቹን «በቃ» የሚልም አለ።

የአለርጂው እጅ

ዓረቦች «ሐሳሲያ» ይሉታል፣ እኛም ለምደነዋል። ከቆዳችን ሥር፣ በአፍንጫና በሳንባ መተላለፊያ፣ በአንጀት ግድግዳ ላይ ማስት ሴል የሚባሉ ሕዋሶች ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ውስጣቸው ሂስታሚን በሚባል ኬሚካል የተሞሉ ትንንሽ ከረጢቶች አሉ። በላያቸው ያሉት እጆች የሚይዙት አይ-ጂ-ኢን ነው። በአንድ ሕዋስ ላይ ብቻ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ እጆች ሊኖሩ ይችላሉ። አያያዛቸው ደግሞ ከቤተሰቡ ሁሉ የጠነከረ ነው። አይ-ጂ-ኢ በደም ውስጥ ሲዘዋወር የሚቆየው ሁለት ቀን ገደማ ነው፤ ማስት ሴል ከጨበጠው ግን ለሳምንታት አይለቀውም።

እንግዲህ ሩብያን (ሽሪምፕ) ትልጫለሽ እንበል። መጀመሪያ ላይ ምንም የለም። ግን ሰውነትሽ ሩብያንን የሚወጋ ሹካ ሊሠራ ይችላል፣ ሹካዎቹም ሄደው በማስት ሴሎቹ እጅ ይገባሉ። አያሳክክም፣ አያብጥም፣ አታውቂውም። ጠመንጃው ጎርሶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል ማለት ነው። በሌላ ቀን ሩብያኑ ሲመጣ፣ ጎን ለጎን የተያዙ ሹካዎች አንዱን ቁራሽ አብረው ሲወጉት እጆቹ ይጠጋጋሉ። ሕዋሱ የሚጠብቀው ምልክት ይኸው ነው፤ ከረጢቶቹን በደቂቃዎች ውስጥ ይዘረግፋል። ሂስታሚን ደም ስርን ያሰፋል፣ ውሃ ያስወጣል፣ ስለዚህ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ያሳክካል። ሳንባ ላይ ከሆነ መተላለፊያው ይጠብና ደረት ያፏጫል።

ይህን እንዴት እንደደረሱበት የሚናገር አንድ ታሪክ እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1921 ጀርመን ውስጥ ሁለት ሐኪሞች ነበሩ። ኩስትነር የሚባለው የበሰለ ዓሣ ሲበላ ሰውነቱ ይቆጣ ነበር፣ ፕራውስኒትስ ግን ዓሣ ምንም አያደርገውም። ከኩስትነር ደም የተለየውን ውሃማ ክፍል ፕራውስኒትስ ቆዳ ውስጥ ወጉት። በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ የዓሣ ጭማቂ ሲወጉበት ቦታው አበጠ። የኩስትነር አለርጂ በደሙ በኩል ተሻግሮ የሌላ ሰው ቆዳ ላይ ተጣብቆ አደረ ማለት ነው። ያ የተጣበቀው ነገር አይ-ጂ-ኢ መሆኑ የታወቀው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1960ዎቹ ነው። ካገኙት ተመራማሪዎች መካከል ኪሚሺጌ እና ቴሩኮ ኢሺዛካ የሚባሉ ጃፓናዊ ባልና ሚስት ይገኛሉ።

አንዳንዷ ደግሞ «እኔ ከአገሬ ስመጣ ሩብያን አይቼም አላውቅ፣ በመጀመሪያው ቀን ነው የያዘኝ» ትላለች። ይህም ይሆናል። በአቧራ ውስጥ የሚኖሩት ዓይን የማያያቸው ተባዮችና በረሮ ከሩብያን ጋር በጣም የሚመሳሰል ፕሮቲን አላቸው። ለአቧራው የተሠራው ሹካ ሩብያኑንም ሊወጋው ይችላል። ሰውነትሽ «ይህን አውቀዋለሁ» ይላል፣ አንቺ ባታውቂውም። መብላትም ግድ አይደለም፤ አንዳንድ ሰው ሲነካው ወይም ሲቀቀል እንፋሎቱ ሲመታው ይበቃዋል።

«ሐሳሲያ የሀብታም በሽታ ነው፣ እኛን አይዘንም» የሚሉም አሉ። በዚህ ውስጥ የእውነት ፍንጣቂ አለ። አይ-ጂ-ኢ የአንጀት ትልን በመዋጋት ላይም ይሳተፋል። ጅማ አካባቢ ተጠንቶ በ2001 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ የመንጠቆ ትል ባለባቸው ሰዎች ላይ የደረት ማፏጨት ቀንሶ አግኝቷል። ከዚያ ተነስቶ «እኛን አይዘንም» ማለት ግን ስህተት ነው፣ ይይዘናል። ትል ይጠቅማል ማለትም አይደለም፤ ደም ይመጣል እኮ!

ሰዓት ቁጠሪ

እጅ ሲቆስል ሁሉ ሐሳሲያ አይደለም። እኛ ላይ በብዛት የሚታየው የበረኪና፣ የሳሙናና የማያቋርጥ ውሃ ጉዳት ነው። ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይቃጠላል። ይህ በቀን ሃያ ጊዜ እቃ የሚያጥብ ማንኛውንም ሰው ይጎዳል፣ የእጆቹ ቤተሰብም የለበትም። መፍትሔው ጓንት፣ ከሥራ በኋላ ቫዝሊን፣ በረኪናን በውሃ ማቅጠን ነው። በረኪናን ከመጸዳጃ አሲድ ጋር ደግሞ ፈጽሞ አትቀላቅዪ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ማዳም «የበለጠ ያጸዳል» ብትልሽም አታድርጊው።

ሁለተኛው ዓይነት ከነካሽ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ የሚመጣ ችፌ ነው። ሽቶ፣ አርቴፊሻል ጌጥ ውስጥ ያለ ኒኬል፣ ጓንት ሲሠራ የሚጨመር ኬሚካል ያመጡታል። ይህም አለርጂ ነው፣ ግን የሚሠራው በሌላ ሕዋስ፣ በሌላ መንገድ ነው። ይቆጠቁጣል፣ መልክ ያበላሻል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ሕይወት አያሰጋም።

የእኛ ማስት ሴል ሥራ የሚታወቀው በፍጥነቱ ነው፤ በደቂቃዎች፣ ቢበዛ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ይመጣል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ከመሄድሽ በፊት ሁለት ነገር ስልክሽ ላይ ጻፊ፤ ምን እንደነካሽ ወይም እንደበላሽ፣ ከዚያ ስንት ደቂቃ ቆይቶ እንደጀመረሽ። ቋንቋው እንኳ ባይገጥም ሰዓቱ ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። ያበጠውን ቦታ ፎቶ አንሺው፣ ክሊኒክ እስክትደርሺ ሊጠፋ ይችላል።

ስለ ጓንት አንድ ነገር ልጨምር። የተለመደው የጎማ ጓንት ብዙ ጊዜ ላቴክስ ነው፣ ከጎማ ዛፍ የሚገኝ። ላቴክስ የማይስማማት ሴት ጓንቱን ባደረገች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እጇ ያሳክካታል፣ ይነፋል። የልጆች ልደት ላይ ፊኛ ስትነፋ ከንፈሯ ሊያብጥ ይችላል። ሙዝና አቮካዶ ሲበላ አፍን የሚያሳክክ ከሆነም ተጠራጠሪ፤ ከላቴክስ ጋር የሚመሳሰል ፕሮቲን አላቸው። መፍትሔው ጓንት መተው አይደለም፣ ዓይነቱን መቀየር ነው። ናይትራይል ወይም ቪኒል የሚባሉት ላቴክስ የለባቸውም፣ ዋጋቸውም የሚያስጮህ አይደለም።

እንደ ሴትሪዚንና ሎራታዲን ያሉ የሐሳሲያ ኪኒኖች ሂስታሚኑ ሥራውን እንዳይሠራ ይከለክላሉ እንጂ በማስት ሴሉ እጅ ያሉትን ሹካዎች አያስጥሉም። ኪኒን ውጠሽ ሩብያን ብትነኪ ጠመንጃው አሁንም ጎርሷል። የድሮዎቹ ኪኒኖች ደግሞ እንቅልፍ ያመጣሉ፤ እነሱን ውጠሽ መሰላል ላይ ወጥተሽ መስኮት አትወልውዪ።

ጉሮሮ ሲዘጋ

አንዳንድ ጊዜ በመላ ሰውነት ያሉት ማስት ሴሎች አንድ ላይ ይፈነዳሉ። ምላስ ወይም ጉሮሮ ያብጣል፣ ድምፅ ይጎረንናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ያስመልሳል፣ ራስ ይዞራል፣ ሰውየው ሊወድቅ ይችላል። አናፊላክሲስ ይሉታል። ይህ ኪኒን የሚጠበቅበት ሰዓት አይደለም። ሕይወት የሚያተርፈው ጭን ላይ የሚወጋ አድሬናሊን መርፌ ነው፣ ያም ያለው አምቡላንስና ሆስፒታል ነው።

የምትደውዪባቸው ቁጥሮች፦ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬቶች 998፣ ኳታርና ባህሬን 999፣ ኩዌት 112፣ ኦማን 9999፣ ዮርዳኖስ 911፣ ሊባኖስ ቀይ መስቀል 140።

እስኪመጡ ጋደም በዪ፣ እግርሽ ከፍ ይበል። መተንፈስ ካቃተሽ ተቀመጪ፣ ግን ብድግ ብለሽ አትሂጂ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች «ማ አግደር አተነፈስ»፣ በሊባኖስ «ማ ፊኒ ኢትነፈስ» ማለት «መተንፈስ አልቻልኩም» ነው። ከተሻለሽ በኋላም ሐኪሙ ለሰዓታት ቆዪ ካለሽ ቆዪ፤ ሁለተኛ ዙር ሊመለስ ይችላል። «እራት የሚሠራ የለም፣ ቶሎ ነይ» ቢባልም ቆዪ።

ፔኒሲሊን ይህን ከሚያመጡ መድኃኒቶች አንዱ ነው። መርፌ ከመወጋትሽ በፊት «ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከዚህ ቀደም ተወግተሽ ያበጠሽ ከሆነ «ዒንዲ ሐሳሲያ ሚን ቢንሲሊን» በዪ።

ለማዳም እንዴት ይነገር

ብዙ እህቶች ይደብቃሉ። «በሽተኛ ነች ብላ ትመልሰኛለች» ነው ፍርሃቱ፣ እኔም ሠርቼበታለሁና እረዳዋለሁ። ግን ከወደቅሽ በኋላ ከመታወቅ አስቀድሞ መናገር ይሻላል። አነጋገሩ ላይ ጥበብ ያስፈልጋል። «ሩብያን አልነካም» ከማለት «ሩብያን ስነካ ጉሮሮዬ ይዘጋል፣ ሆስፒታል መሄድ ይመጣል፤ የተላጠውን ግዢ ወይ ሌላ ሰው ይላጠው፣ ሌላውን ሁሉ እኔ እሠራለሁ» ማለት። የተላጠውም ቢሆን ስታበስዪው እንፋሎቱ የሚነካሽ ከሆነ ያንንም ጨምረሽ ንገሪያት። የጓንቱን ሥዕል ስልክሽ ላይ አሳያት። ብዙዎቹ ሰዎች ሐሳሲያን በራሳቸው ልጆች ያውቁታል፣ ቃሉን ሲሰሙ ይደነግጣሉ።

ሕጉም ባዶ እጅሽን አይተውሽም። የኩዌት የ2015 ሕግ ቁጥር 68፣ የኳታር የ2017 ሕግ ቁጥር 15፣ የኤምሬቶች የ2022 አዋጅ ቁጥር 9 ስለ ቤት ሠራተኞች የወጡ ናቸው፣ ሕክምናሽን በአሠሪው ላይ ያደርጋሉ። ከደመወዝሽ የመድኃኒት እየተባለ ሲቆረጥ ዝም አትበዪ፣ የተቆረጠውን ቀንና መጠን መዝግቢ። ሊባኖስ ላይ የ1946 የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን አውጥቷቸዋል፤ ያም ሆኖ የምትፈርሚው ውል አሠሪው የጤና ኢንሹራንስ እንዲገባልሽ ያስገድዳል። የኢንሹራንሱን ወረቀት ፎቶ አስቀምጪ።

ሌሎቹ ወንድሞች፣ እና ሾተላይ

ማክሮፋጅ የሚባል በላተኛ ሕዋስ አለ። የእሱ እጆች አይ-ጂ-ጂን ይይዛሉ። ሹካ የተሰካበትን ጀርም በእጀታው ጎትቶ ይውጠዋል። ክትባት የሚሠራው በብዛት እንዲህ ነው፤ ሹካውን አስቀድሞ ያሠራልሻል፣ በሽታው ሲመጣ በላተኛው መያዣ አያጣም።

ሌላው ወንድም የእንግዴ ልጅ ላይ ተቀምጧል። አይ-ጂ-ጂን ከእናት ደም ይቀበልና ለፅንሱ ያሻግራል። ነፍሰ ጡር ሴት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የምትወጋው ለዚህ ነው፤ ሕፃኑ የእናቱን መከላከያ ይዞ ይወለዳል። ጥሩ ሥራ ነው። ይህ ደግ ወንድም ግን የሚያሻግረውን አይመርጥም።

አገራችን ውስጥ ሾተላይ የሚባለውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሴቲቱ ትፀንሳለች፣ ልጁ ሆዷ ውስጥ ወይም እንደተወለደ ይሞታል፣ ይደጋገማል፣ ከዚያ ስም ይወጣላታል። ፅንስ የሚሞትበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሐኪሞች ዛሬ ሾተላይ የሚሉት ግን አር-ኤች የሚባለው የደም ዓይነት አለመጣጣምን ነው። የደም ዓይነትሽ መጨረሻ ላይ «ኔጌቲቭ» የሚል ከሆነና የልጁ አባት «ፖዘቲቭ» ከሆነ ፅንሱ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። በወሊድ ወይም በውርጃ ጊዜ የልጁ ደም ከእናት ደም ጋር ይነካካል። የእናት ሰውነት «ይህ እንግዳ ነው» ብሎ ሹካ ይሠራል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም፣ ተወልዷላ። በሁለተኛው እርግዝና ግን ያ በር ላይ ያለው ወንድም ሹካዎቹን ተቀብሎ ወደ ፅንሱ ያሻግራቸዋል። ሹካዎቹ የፅንሱን ቀይ የደም ሕዋሶች ይወጋሉ፣ የፅንሱ የራሱ በላተኛ ሕዋሶች ደግሞ በእጀታቸው እየጎተቱ ይውጧቸዋል። ልጁ ደም ያጥረዋል፣ ይቢጫል፣ ሊሞትም ይችላል። እርግማን የለበትም፣ እናቲቱም ያጠፋችው ነገር የለም። ጠበሉም ዱዓውም እንዳለ ሆኖ፣ መርፌ አለው።

መርፌው ፀረ-ዲ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ አለ። የእናት ሰውነት የራሱን ሹካ ሳይሠራ የልጁን ደም ያጸዳል። መወጋት ያለበት ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። በእርግዝና ወቅትም፣ ወደ ሰባተኛው ወር ገደማ፣ ይሰጣል። ሰውነቷ አንዴ ሹካውን ከሠራ በኋላ ግን መርፌው አይጠቅምም፤ ያኔ የሚያስፈልገው በሐኪም የቅርብ ክትትል ነው።

ይህን ለእኛ ለሴቶቹ በተለይ የምጽፈው ብዙ ውርጃ በዝምታ ስለሚያልፍ ነው። ሴቲቱ ሰው ቤት ነች፣ ደም ይፈሳታል፣ ለማንም አትናገርም፣ በማግስቱ ምንጣፍ ታጥባለች። ዓመት ቆይቶ አገሯ ገብታ፣ አግብታ ስትወልድ ሾተላይ ትባላለች። በአንዳንድ አገሮች ያለ ጋብቻ እርግዝና በሕግ እንደሚያስጠይቅ አውቃለሁ፣ ስለዚህ «ዝም ብለሽ ሆስፒታል ሂጂ» ብዬ አላቃልለውም። የአገሩን ሕግ የሚያውቅ የምታምኚው ሰው፣ ማኅበር ወይም ኤምባሲ አማክሪ። ብዙ ደም እየፈሰሰሽ ከሆነ ግን ምክር የሚጠብቅ ጊዜ የለም፣ አምቡላንስ ነው። ሐኪም ፊት ከደረስሽ ደግሞ «ደሜ ኔጌቲቭ ነው» የሚለውን ቃል አንቺ ቀድመሽ ተናገሪ። ውርጃው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሆነ መርፌው ያስፈልግ አያስፈልግ ሐኪሙ ይወስናል።

የደም ዓይነትሽን አታውቂም? ለጉዞ የተመረመርሽበት ወረቀት ላይ ሊኖር ይችላል፣ ፈልጊው። ከሌለ በሚቀጥለው ማንኛውም የደም ምርመራ ላይ ጠይቂ፤ ቀላል ምርመራ ነው። ከዚያ በትንሽ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር አስጽፊ፣ በዓረብኛም በእንግሊዝኛም፦ ስምሽን፣ የደም ዓይነትሽን ከነ ፖዘቲቩ ወይም ኔጌቲቩ፣ የማይስማማሽን ምግብና መድኃኒት። ወረቀቱን ከኢቃማሽ ጋር አድርጊው። ኢቃማሽን ማዳም ከያዘችው፣ መያዝ አልነበረባትም፣ ግን ከያዘችው፣ ከስልክሽ ሽፋን ሥር ይቀመጥ።